ማታር የቀረው አይሱዙ

ማታር፣ ሰኔ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለመቅዲ፣

ደብዳቤሽን ጀልባ ነጂው ማይ በላስቲክ ጠቅልሎ፣ ላስቲኩን ደግሞ ሸሚዙ ውስጥ ከቶ አመጣልኝ። አንድ ፊደል አልራሰም። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፣ ሁለት ጊዜም ተቆጣሽኝ።

ለመሆኑ እንዴት ነሽ? ወገብሽ ተሻለው? ቢሮ ያ ወንበር ተቀየረልሽ? እኔን አታስቢ፤ ከስልክ በቀር የጎደለብኝ ነገር የለም። ዝናቡ ከገባ ወዲህ ኔትወርክ ማታርን ረስቷታል። ተጋብተን አሥራ አንድ ዓመት ከኖርን በኋላ እንደ አዲስ ፍቅረኛ በወረቀት ልንነጋገር ሆነ። ጎረቤታችን አልማዜ ብትሰማ ሰፈሩን በሙሉ ታስቅብናለች፤ እንደ ምንም ብለሽ ደብቂያት።

«አሥሩ መኪና ሲወጣ ያንተ ብቻ ለምን ቀረ?» ላልሽው፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ጨውና ሳሙናውን ባራገፍን ማግስት ሰማዩ ከበደና ሁሉም ባለመኪና ቶሎ እንውጣ ተባባለ። እኔ ግን ወደ ጋምቤላ ደረቅ ዓሣ የሚያስጭን ነጋዴ አገኘሁ። ከኋላ ባዶ ካሶኒ እያንቋቋሁ መመለስ ምን እንደሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ናፍጣው ከኛ፣ ጎማው ከኛ፣ ጭነት ግን የለም። ነጋዴው ዛሬ ነገ ሲለኝ ዝናቡ ቀደመኝ። የዚህን አገር ጥቁር አፈር አንዴ ውሃ ከነካው መኪና አይደለም ዝንብም ይይዛል። ከእንግዲህ መንገዱ እስኪደርቅ፣ ኅዳር ማለቂያ ወይ ታኅሣሥ መጠበቅ ነው።

መኪናችን ደህና ናት። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር አጠገብ ያለችው ጉብታ ላይ አቁሜ፣ በክሪክ አንስቼ ከሥሯ ግንድ አስገብቼላታለሁ። ካቢናው ውስጥ እተኛለሁ። ብተዋት ባትሪዋም፣ ጎማዋም፣ መስተዋቷም እየተራመደ ይሄዳል።

ማይ ሲመለስ የንባብ መነጽሬን፣ ካልሲ፣ በርበሬና የናፍጣ ፊልትሮ ላኪልኝ። ስለ ቀረሁበት ጉዳይ ግን ከዚህ በላይ አታስቢበት።

አሸብርሽ


ጋምቤላ፣ ሰኔ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአሹ፣

መነጽርህንም ሆነ ሌላውን ልኬያለሁ። ካልሲው ስድስት ነው፤ ሦስቱን ለበዓል አስቀምጣለሁ እንዳትል፣ ሁሉም የሚለበስ ነው። ወገቤ እንዳለ ነው፣ ወንበሩም እንዳለ ነው።

ያልከውን አልማዜን መደበቅ አልቻልኩም። የማይን ጀልባ ወንዝ ዳር ቀድማኝ ደርሳ ስትጠብቅ አገኘኋት። ባሏ ሀሩን እንኳን መኪናውን ይዞ በሰላም ወጥቷል፤ የማን ደብዳቤ ነው የምትጠብቀው? ያንተን። «እስቲ ባልሽ ምን አለ፣ ክፈቺውና እንስማ» አለችኝ። ቤቴ ገብቼ ነው የምከፍተው ስላት «ይኸውላችሁ፣ ማታር ቤት ሠርቶ መሆን አለበት» ብላ ዓሣ ሻጮቹን በሙሉ አሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ቤት ስገባ ግን ብዙም አልሳቅሁም።

ማክሰኞ የባለመኪኖች ማኅበር ስብሰባ ነበረ። ክረምቱን በሙሉ የማይሠራ መኪና የጭነት ተራው ይሰረዝ ወይስ ይቆይለት የሚል ክርክር ተነሣ። ያንተ ስም ሲጠራ እጄን አወጣሁ። አንዱ፣ ስሙን አልነግርህም፣ «ባለንብረቱ ራሱ ቀርቦ ይናገር» አለ። «ባለንብረቱ ማታር ነው፤ የመኪናዋ ግማሽ ባለቤት ግን ፊትህ ቆማለች» አልኩት። ደግሞም እናንተ ማታር ጭነት ሲገኝ እምቢ ስትሉ በየዓመቱ የሚሄደው ማነው? የኬላውን ወረፋ፣ የተሰበረውን ባሌስትራ፣ ባዶ መመለሱን የሚችለው ማነው? ብዬ ስጨርስ ተራው ይቆይለት ተባለ። ሻይ ጋበዙኝ።

አንድ ነገር ግን ገረመኝ። ከስብሰባው ስንወጣ ሀሩንን «አሹ ያንን ዓሣ እስኪጭን ብትጠብቁት ምን ነበረ?» አልኩት። «የምን ዓሣ?» ካለ በኋላ ጫማውን ማየት ጀመረ። ቆይቶ «አዎ፣ ዓሣው፣ ልክ ነሽ» አለኝ። ሀሩን ሲዋሽ ጫማውን እንደሚያይ ሚስቱም ታውቃለች።

መኪናዋን ተዋትና በማይ ጀልባ ና። ወደ አቦቦ መንገድ በሀሩን መኪና ተፈራርቃችሁ ክረምቱን መሥራት ትችላላችሁ። ቤቱ ሰፍቶኛል አሹ። ሁለት ሰው በኖረበት ቤት አንድ ሰው ሲቀር እንዴት እንደሆነ አንተም ካቢናው ውስጥ ሳታውቀው አትቀርም።

መቅዲ


ማታር፣ ሐምሌ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእመቤቲቱ፣ ለግማሽ ባለንብረቷ፣

ስብሰባውን ማይ ሳይቀር ሰምቶታል። እዚህ ሲያወራው «ሚስትህ ቆመች፣ ወንዶች ተቀመጡ» ነው ያለኝ። ከዚህ የተሻለ ቃለ ጉባኤ ጸሐፊውም አይጽፍም። አመሰግናለሁ።

ና ላልሽኝ ግን ልለምንሽ፣ ይህን ነገር ተዪኝ። እኔ የተወለድኩበት አገር ትልቁ ውሃ ሱሪ ሰብስበው የሚሻገሩት ነው። ሃያ ዓመት ገደል ለገደል ነድቻለሁ፣ በጎሬ ጭጋግ ፊቴን ሳላይ ወርጃለሁ፣ አንድም ቀን ልቤ አልደነገጠም፤ ፍሬኑ እግሬ ሥር ነበረና። ጀልባ ግን ፍሬን የለውም። ማይን ጠየቅሁት። «ማቆም ስትፈልግ ምን ታደርጋለህ?» ስለው «ለምን አቆማለሁ?» አለኝ። እንዲህ ዓይነት ሰው ጋር ሁለት ቀን ውሃ ላይ አልውልም።

ደግሞም መኪናዋ ትፈልገኛለች። ውሃው ጉብታዋን ከሦስት በኩል ከቧታል። በየሦስት ቀኑ ሞተሯን ለጥቂት ደቂቃ አስነሣለሁ፣ ናፍጣ ስለምቆጥብ ከዚያ በላይ አልችልም። ካሶኒው ሥር የሰው ፍየሎች ይጠለላሉ። ሞተር ሳስነሣ ተበትነው ይወጣሉ፣ ሳጠፋ ተመልሰው ይገባሉ። ተራቸውን ያውቃሉ፤ ከኛ ማኅበር ይሻላሉ።

ምን እንደምበላ ሳታስቢ አትቀሪም። ማማ ኛጃል የሚባሉ ትልቅ ሴት አሉ፤ ቤታቸው ከጉብታው በታች ነው። በየቀኑ ወተትና የበቆሎ ገንፎ ያመጡልኛል። ተዉ ብላቸው አይሰሙም። ለምን ይህን ያህል ደግ ሆኑልህ ብትይኝ፣ እንጃ፣ ሰዎቹ እንዲሁ ናቸው።

ስለ ሀሩንና ስለ ጫማው፣ ምናልባት አዲስ ጫማ ገዝቶ ይሆናል። ስለ ዓሣ ነጋዴው ደግሞ ስንገናኝ እነግርሻለሁ። እስከዚያ ወንበሩን እንዲቀይሩልሽ አለቃሽን በድጋሚ ጠይቂ፤ ካልሆነ እንደ ማኅበሩ ቆመሽ ተናገሪ።

አሸብርሽ


ጋምቤላ፣ ነሐሴ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአቶ አሸብር፣

ጤና ይስጥልኝ።

ከየወረዳው የሚመጣው የክትባት ሪፖርት እኔ ጠረጴዛ ላይ እንደሚያርፍ ታውቃለህ። ከማታር የመጣው የሐምሌው ዝርዝር ትናንት ደረሰኝ። ተራ ቁጥር 14 ላይ ያለውን ምንም ሳልጨምር፣ ምንም ሳልቀንስ ልገልብጥልህ።

የሕፃኑ ሙሉ ስም፦ አይሱዙ አሸብር። ፆታ፦ ወንድ። የተወለደበት ቀን፦ ግንቦት 26። የእናት ስም፦ ኛኩዋኒ። አድራሻ፦ ማማ ኛጃል ቤት።

መጀመሪያ የጻፈው ሰው የቀለደ መሰለኝ። ቀጥሎ አልመሰለኝም። ማታር ውስጥ ስንት አሸብር አለ? ከስንቱስ ጋር አይሱዙ አለ? ወተቱና ገንፎው ከየትኛው ቤት እንደሚመጣ ራስህ ጽፈህልኛል። የቀረህበትንም ቀን አልረሳሁትም፤ ግንቦት 26 ነው።

ወረቀቱን ይዤ ስቀመጥ አልማዜ መጣች። «ምነው ፊትሽ?» አለችኝ። ወገቤ ነው አልኳት። እሷ ያለችውን እየሳቅሁ ነበር እኮ ያሳለፍኩት፣ ቤት ሠርቷል ያለችውን።

አንተና እኔ ልጅ ስንጠብቅ አሥራ አንድ ዓመት ሆነን። ጠበል አብረን ሄድን፣ አዲስ አበባ ሐኪም ቤት አብረን ተመላለስን፣ በኋላም አብረን ተውነው። «ልጅ ባይኖረን እርስ በርሳችን አለን» ያልከኝ አንተ ነህ። እኔ ያንን ቃል ይዤ ነው የኖርኩት። አሁን ሌላ ቦታ ሌላ ኑሮ ካለህ ቤቴ ተቀምጬ ካልሲ አልልክም።

እንግዲህ አንድ ጥያቄ ነው ያለኝ። ይህ ልጅ ያንተ ነው? መልሱን በአንድ መስመር ጻፈው። የዓሣ ወሬ አልፈልግም።

መቅደላዊት


ማታር፣ ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

መቅዲ፣

አይደለም። በአንድ መስመር ያልሽውን ይኸው ጻፍኩ። ቀሪውን ብታነቢው አንብቢው፣ ባታነቢው አልቀየምም።

ዓሣ የለም። ነጋዴም የለም። ሀሩን ጫማውን ያየው እኔ ዝም በል ብዬ ለምኜው ነው፤ በእሱ አትቆጪ።

ግንቦት 26 ጠዋት ከሌሎቹ ጋር ወጥቼ ነበር። በሰልፉ የመጨረሻው እኔ ነበርኩ። ከማታር አንድ ሰዓት ያህል እንደሄድን አራት ወንዶች አልጋ ተሸክመው ወደ ማታር ሲመጡ አገኘናቸው። አልጋው ላይ ምጥ የያዛት ሴት ነበረች፤ ኛኩዋኒ ናት። እናቷ ማማ ኛጃል ከፊት ከፊት ይሄዳሉ። ከፊት ያሉት መኪኖች ቆሙ፣ ግን መንገዱ ጠባብ ነው፣ መካከል ያለ መኪና መዞር አይችልም። መዞር የምችለው የኋላው እኔ ብቻ ነበርኩ። ሁሉም ወርደው እኔን ያዩኛል። ሀሩን «አሹ፣ ደመናውን እየው፤ ከተመለስክ አትወጣም» አለኝ። እውነቱን ነው፣ አስጠንቅቆኛል።

መሐላዬን አልረሳሁም። የዛሬ ሦስት ዓመት በአቦቦ መንገድ አንድ የታመሙ ሽማግሌ አሳፍሬ፣ ሰውየው መንገድ ላይ አርፈው፣ ጉዳዩ እስኪጣራ አሥራ ሰባት ቀን ታስሬ ስወጣ ምን እንደሆንሽ አይቻለሁ። ያን ያህል ከስተሽ አይቼሽ አላውቅም። «ከጭነት ሌላ ነፍስ ያለው አላሳፍርም» ብዬ በማርያም ስም የማልኩልሽ ያን ቀን ነው። ሰው ሲለምነኝ እምቢ ማለት ለምጄም ነበር። ማማ ኛጃል ግን አልለመኑኝም። እጃቸውን ኮፈኑ ላይ አድርገው ዝም ብለው ቆሙ። ሰው የታመመ ልጁን ግንባር እንደሚነካው። በዚያ ላይ ምን እላለሁ?

ዞርኩ። ልጁ ማታር ሳንደርስ ካሶኒው ውስጥ ተወለደ። ድምፁን ከሞተሩ በላይ ሰማሁት። ስንገባ ዝናቡም አብሮን ገባ።

ስሙን በተመለከተ ደግሞ ይኸውልሽ። እዚህ ልጅ ሲወለድ በሆነው ነገር ስም ማውጣት አለ። በዝናብ የተወለደ አለ፣ በመንገድ የተወለደ አለ፣ በጠብ ጊዜ የተወለደ አለ፤ ሁሉም ያንኑ ይጠራበታል። ጤና ጣቢያ ያለው መዝጋቢ ከደጋ የመጣ አዲስ ልጅ ነው። «ሙሉ ስም» ብሎ ጠየቀ። ማማ ኛጃልም ሙሉውን ነገሩት፤ የተወለደበትን መኪናና የመለሰውን ሰው። የአባትየው ስም ፑዎክ ነው፤ ከከብቶቹ ጋር ርቆ ሄዶ ነበር። እሳቸው ግን አባቱን ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ ለምን ይጠየቃል ባይ ናቸው። መዝጋቢውም ሁለተኛው ስም የአባት ነው ብሎ ጻፈ። እኔ ይህን ያወቅሁት ደብዳቤሽን ይዤ ሄጄ ስጠይቃቸው ነው። ተቀምጠው ሳቁ። እኔ ግን ስላልሳቅሁ ቆይተው ተዉት። «ሚስትህ ታለቅሳለች?» አሉኝ። ሳታለቅስ አትቀርም አልኳቸው።

የዋሸሁት መሐላዬን እንዳፈረስኩ እንዳታውቂ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም፣ ይህም ምክንያት እንዳልሆነ ገብቶኛል።

አሸብር


ጋምቤላ፣ ነሐሴ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሹ፣

ደብዳቤህን ከማንበቤ በፊት ግማሹን ራሴ አውቄው ነበር። ያንን ክፉ ደብዳቤ በላክሁ በሦስተኛው ቀን ቢሮ ተቀምጬ ወሩን ወደ ኋላ ቆጠርኩት። ዘጠኝ ወር፤ ነሐሴ። የዓምና ነሐሴ የማታር መንገድ ተዘግቶ፣ አንተ ጎሬ መንገድ ላይ ስትሠራ፣ በየሳምንቱ እሑድ ቤት ነበርክ። ሙያዬ ይህንን መቁጠር ሆኖ ለሰው ሁሉ ቆጥሬ፣ ለራሴ ጊዜ ጠፋኝ። ሳልቆጥር መላኬ ያሳፍረኛል። ጀልባውን ሮጬ ብመልሰው ደስ ባለኝ፣ ማይ ግን እንዳልከው አያቆምም።

ሀሩንም መጥቶ ነበር። ቤቴ በር ላይ ቆሞ፣ ጫማውን ሳያይ፣ ሁሉንም ነገረኝ። «እኔ መሃል ነበርኩ፣ መዞር አልቻልኩም» እያለ ሦስት ጊዜ ደገመልኝ። እሱንም የከበደው ነገር አለ። አልማዜ ከኋላው ቆማ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ አልቀለደችም፤ ማታ የሠራችውን ወጥ ግን በሰሃን ይዛልኝ መጣች።

ስለ ልጁ የነበረው ነገር በዚህ አለቀ። ያላለቀው ሌላ ነው። የምትሠራውን ደግ ነገር ከእኔ የምትደብቀው እኔ ምን ዓይነት ሰው ብሆን ነው? ምጥ የያዛትን ሴት ለምን አሳፈርክ ብዬ የምቆጣ መስሎህ ሦስት ወር ሙሉ ዓሣ ስታደርቅልኝ ከረምክ። ያስማልኩህ እንዳትታሰርብኝ ነው፤ ሰው መንገድ ላይ ጥለህ እንድታልፍ አይደለም። ወይስ ነበር? ይህንን ሳስብ አድሬ አላውቀውም። ያን ጊዜ ያስማልኩህን ቃል ዛሬ ስሰማው የእኔ አልመስል አለኝ።

ከእንግዲህ ደብዳቤ አትጻፍልኝ። ወረቀት ላይ ሁለታችንም የማንሆነውን ሆንን። ቀሪውን ፊት ለፊት እንነጋገረዋለን፣ ያን ጊዜ ዓይንህን እያየሁ እሰማሃለሁ።

መቅዲ


ጋምቤላ፣ መስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም.

መቅዲ፣ እንኳን አደረሰሽ፣

አትጻፍልኝ ብለሽ ነበር። ይቅርታ። ግን የምትገኚበት ሌላ መንገድ የለኝም፣ ስልክሽም ማታር ገብቶ እንደ እኔ ስልክ ሆኗል።

«ፊት ለፊት» ስትይ እኔ የገባኝ ና ማለትሽ ነው። አሁን ገባኝ፣ እመጣለሁ ማለትሽ ኖሯል። ደብዳቤሽ በደረሰኝ በማግስቱ ባትሪውን ፈትቼ ማማ ኛጃል አልጋ ሥር አስቀመጥኩ፣ ቁልፉን ሰጠኋቸው፣ ማይ ዘንድ ሄጄ «ዛሬ ትሄዳለህ?» አልኩት። ከላይ እስከ ታች አየኝ። «ውሃ ትፈራለህ» አለኝ። እፈራለሁ አልኩት። «እሺ፣ ፈርተህ ግባ» አለኝ።

ሁለቱን ቀን እንዴት እንዳሳለፍኩ አትጠይቂኝ። የጀልባው ወለል ላይ ተኝቼ በሸራ ተሸፍኜ ነው የመጣሁት። ውሃውን ካላየሁት መሬት ነው ብዬ ራሴን ላታልል ሞክሬ ነበር፤ መሬት ግን እንደዚያ አይወዛወዝም። የበላሁት ሁሉ ባሮ ውስጥ ቀርቷል።

የዘመን መለወጫ ዋዜማ ቀን በስድስት ሰዓት ደጃፋችን ደረስኩ። ለሦስት ወር የተለማመድኩትን ንግግር ይዤ በሩን ብመታው ተቆልፏል። አልማዜ ብቅ አለች። አየችኝ። የጭቃ ልብሴን፣ ያደገ ጺሜን፣ አየችኝ። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አለች፣ መቅዲ፣ እውነቴን ነው፣ ሳቋንም ለቀቀችው። «አንተ እዚህ፣ እሷ እዚያ» ነው የምትለው። ቀን ሙሉ ሌላ ነገር አልተናገረችም። በክትባት ጀልባ መሄድሽን የነገረኝ ሀሩን ነው። ቁልፉን ሰጡኝ፣ በዓሉንም እነሱ ቤት አሳለፍኩ። ለኛ ብላ ዶሮ ሠርታ፣ ያንቺን ድርሻ ለብቻ አስቀምጣ፣ በኋላ ለራሷ በላችው።

አሁን ቤታችን ውስጥ ተቀምጫለሁ። ሰፍቶኛል ያልሽው እውነት ነው።

እንግዲህ አንቺ አይተሻቸዋል፤ ልጁን፣ እናቱን፣ ማማ ኛጃልን። እኔ ደግሞ እዚህ ተቀምጬ ምን እንዳየሽ፣ ምን እንደወሰንሽ አላውቅም። ከእኔ ጋር ነሽ? በአንድ መስመር ብትጽፊው ይበቃኛል። ተመልሰሽ የምትመጪ ከሆነ እጠብቅሻለሁ። ና ካልሽኝ ሐሙስ ጀልባ አለ። በሸራም ቢሆን።

አሸብርሽ


ማታር፣ መስከረም 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

የኔ አሹ፣

እንኳን አብሮ አደረሰን። ካንተ ጋር ነኝ። አሁን ቁጭ ብለህ ቀሪውን አንብብ።

ይህን የምጽፈው መኪናችን ካቢና ውስጥ ሆኜ ነው። ወንበሩ ከቢሮዬ ወንበር በጣም ይሻላል፣ ወገቤ ሦስት ቀን ምንም አላለኝም። ለካ ወንበር እያለን ኖሯል።

አንድ ነገር ልናዘዝልህ። ጳጉሜ 4 ቀን ከሰዓት በኋላ የኛ ጀልባና የማይ ጀልባ ወንዙ ላይ ተላልፈዋል። ማይ እጁን አውለበለበልኝ። ወለሉ ላይ በሸራ የተሸፈነ ሰው አየሁ። ጤና ባለሙያ ነኝና «በሽተኛ ነው?» ብዬ ጮህኩ። «ደህና ነው፣ ግን ይታመማል» አለኝ። ምን ማለት እንደሆነ ሳይገባኝ አለፍን። እግዚአብሔር ይማረው ብዬ ጸለይኩልህ። ማታር ደርሼ ማማ ኛጃል «ባልሽን አገኘሽው?» ሲሉኝ ነው የገባኝ። መሃል መንገድ ላይ ቆሜ አለቀስኩ፣ ቀጥሎ ሳቅሁ። ፍሬን የሌለው ነገር ላይ ለእኔ ብለህ ወጣህ፣ እኔ ደግሞ እንደ በሽተኛ አልፌህ ሄድኩ።

ማማ ኛጃል መጀመሪያ ብዙም አላናገሩኝም። እጄን ይዘው ገለባበጡት፣ ፊቴን አዩ። «አንቺ ነሽ አትመለስ ያልሽው?» አሉኝ። ስለ መሐላው የነገራቸው ሀሩን ይሁን አንተ አላውቅም። አዎ አልኳቸው፣ እኔ ነኝ። ያ ቃል ከአፌ ሲወጣ ምን ያህል እንደከበደኝ ልነግርህ አልችልም። እሳቸውም «ባል ስለምትወጂ ነው። እሱም ተመለሰ፣ ልጅም አለ። በቃ» አሉኝ። ከዚያ ወደ ቤት አስገቡኝ።

ልጁን ኛኩዋኒ እቅፌ ላይ አደረገችልኝ። ልታቅፊው ትፈልጊያለሽ ወይ ብላ አልጠየቀችኝም፣ ዝም ብላ ሰጠችኝ፤ አንተም እናቷ ያደረጉትን እንደዚህ ነበር የጻፍክልኝ። ወፍራም ነው፣ ራሱ ትልቅ ነው፣ ሲቆጣ ቅንድቡን ሰብሰብ ያደርጋል። ፑዎክን ነው የሚመስለው፤ ከከብቱ ተመልሶ ስለመጣ አጠገቡ ሆኜ አይቻለሁ። እንዳያመኝ ፈርቼ ነበር፣ ልጁን ሳቅፈው። አመመኝም፣ ትንሽ። ግን በፊት እንደማውቀው ሕመም አይደለም።

ከትናንት በስቲያ ሦስተኛ ክትባቱን ራሴ ሰጠሁት። ያ አዲሱ መዝጋቢ አፍሮ መዝገቡን ወደ እኔ ገፋው። «እትዬ፣ የአባቱን ስም ያርሙልኝ» አለኝ። እስክሪብቶውን አንስቼ «አሸብር» የሚለውን ልሰርዝ ስል ማማ ኛጃል እጄን ያዙኝ። «ለምን ትሰርዢያለሽ?» አሉኝ። አባቱ ፑዎክ ስለሆነ ነው አልኳቸው። «አባቱን ጨምሪ። ስሙ ግን ስሙ ነው» አሉ። ፑዎክ በሩ ጋ ቆሞ ነበር፤ እሱን ቀና ብዬ አየሁት። በእሺታ ራሱን ነቀነቀልኝ።

አሁን ደግሞ የወሰንኩትን ጠይቀሃል። መሐላህን ፈትቼልሃለሁ። ካህን ካስፈለገ አብረን እንሄዳለን። መንገድ ላይ ሰው ካገኘህ ተመለስ፣ የሚመጣውን አብረን እንችለዋለን፤ እኔን ግን አትደብቀኝ፣ ይኼን ብቻ ነው የምለምንህ።

ጤና ጣቢያው ክትባት የሚሰጥ ሰው የለውም፣ ያለችው የወሊድ ፈቃድ ላይ ናት። መንገዱ እስኪደርቅ እኔ ልሸፍን ብዬ በጀልባው ለአለቃዬ ጽፌ ልኬያለሁ፣ እምቢ አይለኝም። ስለዚህ ሐሙስ አትምጣ። አንድ ጊዜ በቂ ነው፤ ሁለተኛ በዚያ ወንዝ ላይ እንድትሰቃይ አልፈቅድም። ጎሬ መንገድ ከሀሩን ጋር ሥራ። ጉብታዋን እኔ እጠብቃለሁ፣ ባትሪዋን መልሶ መግጠሙንም ሞተር ማስነሣቱንም ማይ አሳይቶኛል። መንገዱ ሲደርቅ ከመጀመሪያው ኮንቮይ ጋር ትመጣለህ። እስከዚያ ጻፍልኝ፤ አትጻፍ ያልኩህን ሰርዤዋለሁ።

የመስከረሙ ዝርዝር ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ቢሮዬ ይደርሳል። በእኔ ቦታ የሚያነበው ሰው ተራ ቁጥር 14 ላይ ሲደርስ መደንገጡ አይቀርም፣ አልማዜም ሳትሰማ አትቀርም። ከጠየቁህ «አይሱዙ አሸብር ፑዎክ» የሚለውን መቅዲ በራሷ እጅ ጻፈችው በላቸው።

መቅዲህ